ሁለተኛው ግጭት ዕድል አይደለም

ሰሞኑን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም እየዞረ እኔም ጋ ደረሰ። የሚያወራው የመኪና አደጋ ሲደርስ ቀድመው ስለሚደርሱ ሰዎች ነው፤ ስለ ትራፊክ ፖሊሶች፣ ስለ አምቡላንስና ስለ እሳት አደጋ ሠራተኞች፣ መኪና ስለሚያነሱ ባለ ክሬኖች። አቋሙ ባጭሩ እንዲህ ነው። እነዚህን ሰዎች አውራ ጎዳና ላይ እንዴት ቆመው መሥራት እንዳለባቸው ማሠልጠን የሀብታም አገር ቅንጦት ነው። ኢትዮጵያ የሚያስፈልጋት አምቡላንስና ክሬን ነው። የቀረውን ልምድና ጀግንነት ይሸፍነዋል።

ጸሐፊው ለወገን ተቆርቁረው እንደጻፉ ያስታውቃል። ስለ አምቡላንስ እጥረት ያሉትም ትክክል ነው። ዋናው ሐሳባቸው ግን ሰው ያስገድላል ብዬ ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እንጀራዬ የተበላሹና የተጋጩ መኪኖችን ከሀይዌይ ላይ ማንሳት ነው። ለዚሁ ሥራ የሚሰጠውን ሥልጠናም ወስጃለሁ። ስለዚህ ያነሷቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ልመልስ።

«ሥልጠናው ቅንጦት ነው»

ጽሑፉ የሚነሳው ከገንዘብ ነው። አሜሪካኖች ለልምምድ ብቻ ሀይዌይ ሠርተዋል፣ እኛ ለአምቡላንስ ነዳጅ እንቸገራለን ይላል።

ለልምምድ የተሠራ መንገድ መኖሩ እውነት ነው። የቴነሲ ግዛት በ2014 እ.ኤ.አ. ናሽቪል አካባቢ ከፍቷል። ግን እንደሱ ያለው ከስንት አንዱ ነው። ሥልጠናው ራሱ ያን ያህል ወጪ የለበትም። በአሜሪካ ፌደራል ሀይዌይ አስተዳደር በኩል በ2012 የተጀመረው አገር አቀፍ ትምህርት በአጭሩ ሲሰጥ አራት ሰዓት ይፈጃል። ሠልጣኙ አይከፍልም። አዳራሽ፣ ወንበርና የሚያውቅ ሰው ይበቃል።

ልምምዱ የሚደረገው ጠረጴዛ ላይ ነው። መንገድ የተሳለበት ትልቅ ወረቀት ይዘረጋል። የልጆች መጫወቻ መኪኖች ይቀርባሉ። አንዱ ፖሊስ ይሆናል፣ አንዱ እሳት አደጋ፣ አንዱ አምቡላንስ፣ አንዱ ክሬን። አሠልጣኙ ይጠይቃል፦ «መሀለኛው መስመር ላይ ሁለት መኪና ተጋጭቷል። ውስጥ የተያዘ ሰው አለ። መጀመሪያ የደረስከው አንተ ነህ። የት ትቆማለህ?» ሰውየው መጫወቻዋን አንስቶ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ሲደርስ መግቢያ ያጣል። አምቡላንሷ ትመጣለች፤ ቁስለኛ የሚገባበት በር መኪና ወደሚከንፍበት አቅጣጫ ዞሮ ይገኛል። ክሬኑ ደግሞ ሁሉም ከኋላው ዘግተውት መውጫ የለውም። ክርክር ይነሳል። አንዱ ሌላውን «እኔ እኮ እዚያ የቆምኩት ለዚህ ነው» ማለት ይጀምራል። ትምህርቱ ያለው እዚህ ክርክር ውስጥ ነው። ፖሊሱ እሳት አደጋው ለምን ሁለት መስመር እንደሚዘጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው እዚያ ነው።

ሥልጠናው የተስፋፋበት መንገድም የድሃ አገር መንገድ ነው። አንድ ሰው ይሠለጥናል፣ እሱ በተራው በየከተማው አሠልጣኞችን ያፈራል፣ እነሱ የራሳቸውን ባልደረቦች ያስተምራሉ። በዚህ መንገድ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ሠልጥኗል። የእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሠሩት ሥራ ከዚህ የሚቀል አልነበረም።

ደግሞ ጸሐፊው ይገዛ የሚሉት አምቡላንስ የሚቆመው የት ነው? እዚያው አስፋልት ላይ ነው። በተሳሳተ ቦታ ቆሞ ከኋላ ቢመታ፣ በልመና የተገኘው መኪናም ውስጡ ያለችው ነርስም አብረው ይጠፋሉ። አምቡላንስ የሌለው አገር ያለውን አምቡላንስ ለመጠበቅ ከማንም በላይ ምክንያት አለው።

«ጀግንነትና ልምድ ይበቃል»

ይህ ነጥብ ሕዝባችንን ስለሚያሞግስ ለመቃወም ይከብዳል። ጀግንነቱን እኔም አልክድም። ግን ጀግንነት የሚመጣውን መኪና አያቆመውም።

በመጋቢት 1998 እ.ኤ.አ. ፔንሲልቬንያ ተርንፓይክ በሚባለው የአሜሪካ የክፍያ ፍጥነት መንገድ ላይ የደረሰውን እናንሳ። የላየንቪል የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ሌሎች ረዳቶች ቀድሞ የደረሰ አደጋ ላይ እየሠሩ ነበር። ሌላ ተሽከርካሪ ገባባቸው። አንድ ሰው ሞተ፣ ዘጠኝ ቆሰሉ። እነዚህ እሳት ውስጥ የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ድፍረት አልጎደላቸውም። ከዚያ በኋላ የከምበርላንድ ቫሊ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበር መንገድ ላይ ለሚሠሩ ረዳቶች ደኅንነት ብቻ የሚሠራ ተቋም አቋቋመ። ዛሬ በዚህ ዘርፍ የምንማረው ብዙ ነገር መነሻው ያ ቀን ነው።

ለምን ድፍረት እንደማይበቃ ቁጥሩ ይናገራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አንገቱን አዙሮ የተጋጨውን መኪና ለሁለት ሰከንድ ቢያይ፣ የኳስ ሜዳ ግማሽ ያህል ሳያይ ነዳ ማለት ነው። የመንገድ መሐንዲሶች ለዚህ ፍጥነት ለመቆሚያ የሚይዙት ርቀት 185 ሜትር ነው። ለ120 ደግሞ 250 ሜትር። ይህ አስፋልቱ ደህና ሆኖ፣ ሾፌሩ ነቅቶ፣ ፍሬኑም ይዞ ነው። የተጫነ ተሳቢ ቁልቁለት ላይ ሲሆን ምን እንደሚሆን የከባድ መኪና ሾፌር ይንገራችሁ።

ልምድም ብቻውን አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልምድ ያለው ሰው መቶ ጊዜ ጀርባውን ለትራፊክ ሰጥቶ ሠርቶ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ለመቶ አንደኛው ጊዜም ጀርባውን ይሰጣል። እኛ ሥራ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ሰንሰለት ልታስር ትጎነበሳለህ፤ መኪናው ጎን ላይ ያለው ነጭ መስመር እግርህ ሥር ነው። ከመስመሩ ወዲያ መኪና ያልፋል። ነፋሱ ሰደርያህን ያነሳዋል። በአንተና በሞት መካከል ምንም ክፍተት የለም። ሥልጠናው የሚለው ቀላል ነው፤ በትራፊክ በኩል ባለው ጎን አትሥራ። የክሬኑን መቆጣጠሪያ በሌላው ጎን ያዝ። ከመኪናህ ስትወርድ መጀመሪያ በመስታወት እይ። መሻገር ካለብህ ፊትህን ወደሚመጣው መኪና አዙር። አንድ ሰው ሥራው ማየት ብቻ ይሁን፣ አደጋ ሲያይ ይጩኽ። ይህ ሁሉ ዓመታት ቢሠሩም በራሱ አይመጣም። አንድ ሰው ነግሮህ፣ ደጋግመህ ሠርተኸው፣ ከዚያ ነው ልማድ የሚሆነው።

«ተጨማሪ መስመር መዝጋት መጨናነቅ ያመጣል»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ጠንካራ ክርክር አላቸው። ፖሊስ ሲደርስ አደጋው የያዘውን መስመር ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ ያለውንም ይዝጋ የሚለውን ትምህርት ይተቻሉ። አንድ መስመር ለአንድ ደቂቃ ሲዘጋ በኋላ የአራት ደቂቃ መጓተት ያስከትላል የሚለውን የአሜሪካ ስሌት ይጠቅሳሉ። መንገዱን መክፈት እንጂ መዝጋት መፍትሔ አይደለም ይላሉ።

ስሌቱ ትክክል ነው። ሥልጠናው ውስጥም አለ። ያልጠቀሱት ግን እዚያው ጎን የሚሰጠውን ሌላ ቁጥር ነው። መጀመሪያ የደረሰው አደጋ ሳይነሳ በቆየ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ደቂቃ ሁለተኛ አደጋ የመድረሱ ዕድል በ2.8 በመቶ ይጨምራል። የፌደራል ሀይዌይ አስተዳደር ከአምስት አደጋ አንዱ ያህል ከቀደመ አደጋ የተነሳ ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ ሁለት ነገር እኩል ይፈለጋል፤ ሠራተኛው እንዳይመታ፣ መንገዱም ቶሎ እንዲከፈት። አሜሪካ ውስጥ ስለ መንገድ አደጋ አያያዝ በ2007 የጸደቀው አገር አቀፍ ዓላማ ላይ ሦስት ነገሮች ተጽፈዋል፤ የረዳቶች ደኅንነት፣ መንገዱን ቶሎና ደኅንነት ባለው መንገድ ማስለቀቅ፣ አስተማማኝ ግንኙነት። አንዱ ሌላውን አይገፋም።

እንዴት ነው የማይጋፉት? አደጋው ካለበት መስመር ሌላ አንድ ተጨምሮ የሚዘጋው ሠራተኛው እጁን የሚዘረጋበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። ቦታ ያለው ሰው ቶሎ ይሠራል። ልቡ ውስጥ ፍርሃት ይዞ የሚሠራ ሰው ይዘገያል፣ ይሳሳታል። ቁስለኛው ተጭኖ አምቡላንሱ እንደሄደ ተጨማሪው መስመር ይከፈታል።

ትልቁ የእሳት አደጋ መኪና ከአደጋው በፊት፣ መኪና ከሚመጣበት በኩል፣ ሰያፍ ሆኖ ይቆማል። የፊት ጎማዎቹ ሠራተኞቹ ካሉበት ተቃራኒ አቅጣጫ ይጠመዘዛሉ። ለምን? ከኋላ ቢመታ እየተንከባለለ ሰዎቹ ላይ እንዳይወጣ። አምቡላንሱ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ፣ በጥላው ውስጥ ይገባል፤ የኋላ በሩም ከትራፊኩ ዞር ይላል። ክሬኑ ከፊት ይሆናል። ይህንን አቀማመጥ ለማስተካከል አንዳንዴ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ገንዘቡም ዜሮ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። እኛ ጋ መንገድ ተዘግቶ የሚውለው ተጨማሪ መስመር ስለሚዘጋ ነው? አይደለም። ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሁለት መኪና ይነካካሉ። መብራት ተሰበረ፣ ስፖንዳ ተጫረ። ሾፌሮቹ ወርደው ይከራከራሉ። መኪኖቹ ግን ከመሀል አስፋልት ንቅንቅ አይሉም። ለምን? ትራፊክ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ። ከነካህ ጥፋተኛ ትሆናለህ የሚል ፍራቻ አለ። ትራፊኩ ደግሞ በዚያው መጨናነቅ ውስጥ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ነው የሚመጣው።

እዚህ አሜሪካ ብዙ ግዛቶች ሰው ያልተጎዳበትና መንቀሳቀስ የሚችል መኪና ወዲያውኑ ወደ ዳር እንዲወጣ በሕግ ያዛሉ። ማስረጃ አይጠፋም። የአራቱ ጎማዎች ቦታ በቀለም ወይም በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፣ በስልክ ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ መኪናው ይወጣል። ፕላኑ ዳር ቆሞ ይሠራል። ጸሐፊው መንገድ ቶሎ እንዲከፈት ከልባቸው ከፈለጉ፣ ትግላቸው እዚህ ላይ ቢሆን ከጎናቸው እቆማለሁ። ይህም ግን ሥልጠና ይጠይቃል። ፖሊሱ ምልክት አድርጎ ማንሳት እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ ዳኛውና ኢንሹራንሱም መቀበል አለባቸው።

«መብራትና ሳይረን ከበዛ ሾፌር ያያል»

ይህን ባጭሩ ልለፈው፤ ሌሊት ሀይዌይ ላይ የቆመ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የሚሽከረከር መብራት በበዛ ቁጥር የሾፌሩ ዓይን ይታወራል። መብራቱን ያያል፤ ከመብራቱ ፊት የቆመውን ሰው አያይም። በተለይ ረጅሙን መብራት አብርቶ ወደሚመጣ መኪና አዙሮ የቆመ ፖሊስ ባልደረባውን ደብቆ ነው የሚያስመታው። ሥልጠናው ከደረስክና ከቆምክ በኋላ የፊት መብራትህን አጥፋ፣ ብልጭ ድርግሙን ቀንስ ይላል። ሰውን የሚያሳየው አንጸባራቂ ሰደርያ ነው። አሜሪካ ከኅዳር 2008 ጀምሮ የፌደራል ገንዘብ በገባበት መንገድ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን እንዲለብስ ደነገገች። የእሳት አደጋ መኪኖች ጀርባም ቢያንስ ግማሹ በቀይና ቢጫ አንጸባራቂ ሰያፍ መስመር እንዲሸፈን የሙያው መመዘኛ ይጠይቃል። መርካቶ ውስጥ ሰደርያ ይሸጣል። ጥቁር ካፖርት ለብሶ ሌሊት አስፋልት ላይ የሚቆም ፖሊስ ማየት የለብንም።

«እኛ ጋ ሕዝቡ ራሱ ደራሽ ነው»

ይህ የጽሑፉ ምርጥ ክፍል ነው። ጸሐፊው ገጠር መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ የአካባቢው ሰው ከማሳው ሮጦ እንደሚመጣ፣ ቁስለኛ በነጠላ አስሮ እንደሚያወጣ፣ ያገኘው መኪና ላይ ጭኖ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚልክ ይጽፋሉ። ሁሉም እውነት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ድኗል። የማልስማማው «ስለዚህ ሥልጠና አያስፈልግም» በሚለው ላይ ነው። እኔ ከዚህ የማወጣው ተቃራኒውን ነው። ሕዝቡ ቀድሞ የሚደርስ ከሆነ፣ ቀድሞ ማወቅ ያለበትም እሱ ነው።

ቅጠሉን እንውሰድ። ማንም ያልጻፈው ሕግ ነው። አይሱዙ ዳገት ላይ ይበላሻል። የሾፌሩ ረዳት ዘሎ ይወርዳል፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል፣ ከዚያ ከቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ሰብሮ ከመኪናው ኋላ አስፋልቱ ላይ ይጎዘጉዛል። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ሾፌር መንገድ ላይ እርጥብ ቅጠል ሲያይ እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳል። ይህ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው። እዚህ ብዙ ሺህ ዶላር አውጥተው በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የሚሠሩትን ረዳቱ በአንድ ቅርንጫፍ ሠራው።

የጎደለው ምንድን ነው? ርቀቱ። ቅጠሉ ብዙ ጊዜ ከመኪናው አሥርና አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ነው የሚቀመጠው። በ80 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና ለመቆም 130 ሜትር ይፈልጋል። ቅጠሉን ሲያይ መኪናውንም አብሮ አየ ማለት ነው። ኩርባ ካለ ደግሞ ቅጠሉ ከኩርባው ወዲህ መቀመጥ አለበት፤ መኪናው ከቆመበት ሳይሆን ሾፌሩ ከሚያይበት። ሌሊት ቅጠል አይታይም። ያኔ ሦስት ማዕዘኗ ያስፈልጋል፤ እሷ ግን ብዙውን ጊዜ ለቦሎ ምርመራ ቀን ብቻ ነው ከፖርታ ባጋሊዮ የምትወጣው። ሌላው ደግሞ ድንጋዩ ነው። መኪናው ተሠርቶ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። የሚቀጥለውን አደጋ የሚያመጣው እሱ ነው። የመኪና ረዳቶችን መናኸሪያ ላይ ሰብስቦ «ቅጠሉን ሁለት መቶ እርምጃ አርቀው፣ ስትሄድ ድንጋዩን አንሳ» ለማለት ስንት ብር ይፈጃል?

ሌላም አለ። ሰው ሲሰበሰብ ሁሉም ዓይኑ ወደ ተጋጨው መኪና ነው። ሕፃናት አስፋልቱ ላይ ይቆማሉ። ከኋላ ሰልፍ ይረዝማል። ሁለተኛው ግጭት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አደጋው ቦታ ላይ ሳይሆን ከሰልፉ ጭራ ላይ ነው፤ ሰልፉ መኖሩን ያላወቀ ሾፌር በሙሉ ፍጥነት ይመጣል። ሠልጥኖ የሚመጣ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ሰው ወደ ጭራው መላክ ነው። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ያ ሰው ወደ ኋላ ይሄዳል። ፖሊስ እስኪመጣ ይህን አንድ የሰፈር ወጣት ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ሊሠራው ይችላል፤ መንገዱ ውስጥ ሳይገባ፣ ዳር ላይ ሆኖ።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ቦቴ ነው። ቦቴ ሲገለበጥ ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ ሰው አለ። ድህነት ነው፣ አልፈርድበትም። ግን በጥር 2009 እ.ኤ.አ. ኬንያ ሳቻንግዋን ላይ ከ110 በላይ ሰው የሞተው እንዲህ ነው። በነሐሴ 2019 ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ላይ መቶ ያህል ሰው ያለቀውም እንዲሁ። ሴራሊዮን ፍሪታውን ውስጥ በኅዳር 2021 ከመቶ አርባ በላይ። እነዚህ ቦታዎችም ላይ ሕዝቡ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ያልደረሰው እውቀቱ ነው።

ቀድሞ የደረሰ ፖሊስ ቦቴው ጎን ያለችውን ብርቱካናማ ሰሌዳ ማንበብ ቢችል ብዙ ነገር ይለወጣል። 1203 ቤንዚን ነው። 1202 ናፍጣ ነው። በአሜሪካና ካናዳ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች በኪሳቸው የሚይዙት መመሪያ ቤንዚን ከፈሰሰ ቢያንስ 50 ሜትር ዙሪያውን ነጻ አድርግ፣ ቦቴው እሳት ከያዘ 800 ሜትር በየአቅጣጫው ሰው አርቅ ይላል። 800 ሜትር ከሜክሲኮ አደባባይ ብትነሳ ወደ ለገሐር መዳረሻህ ነው። ያን ያህል ሕዝብ በጉልበት ማራቅ አይቻልም። ቀድሞ ማወቅ ያለበት ሰው ብዙ ነው፤ ፖሊሱ፣ ሾፌሩ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የትምህርት ቤቱ መምህር።

«ጥፋቱ የሾፌሩ ስለሆነ የሚሠለጥነውም የሚቀጣውም እሱ ነው»

ጸሐፊው አደጋ ቦታ የሚደርሱ ሠራተኞችን ማሠልጠን ተጎጂውን መውቀስ ነው ይላሉ። አሜሪካ ውስጥም ሥልጠናው ተሰጥቶ ሰው መሞቱ አልቆመም ብለው ይጨምራሉ።

ሰው መሞቱ አልቆመም፣ እውነት ነው። በየዓመቱ መንገድ ዳር የሚገደሉ ፖሊሶች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ የአምቡላንስ ሠራተኞችና ክሬን ነጂዎች በአሥሮች ይቆጠራሉ። ከነሱ ውስጥ የእኛ ሙያ ሰዎችም ብዙ ናቸው። ሕግ ግን አልጎደለም። ሳውዝ ካሮላይና በ1996 የቆመ የአደጋ ጊዜ መኪና ስታይ መስመር ቀይር ወይም ፍጥነት ቀንስ የሚል ሕግ አወጣች። በ2012 ሃዋይ ስትጨመር ሃምሳዎቹም ግዛቶች ሕጉ ኖራቸው። ቅጣቱም አለ። ሾፌሮች ግን አሁንም ስልካቸውን እያዩ ይመጣሉ፣ ጠጥተው ይመጣሉ፣ እንቅልፍ ይዟቸው ይመጣሉ።

ለዚህ ነው የማልስማማው። የሾፌሩን ባህሪ መለወጥ ዓመታት ይፈጃል፣ እሱም መቀጠል አለበት። ዛሬ ማታ ግን አስፋልት ላይ የሚወርድ ሰው አለ። እሱ የሚመጣውን ሾፌር መምረጥ አይችልም። የሚችለው የራሱን መኪና የት እንደሚያቆም፣ እሱ ራሱ የት እንደሚቆምና ስንት ደቂቃ እዚያ እንደሚቆይ መወሰን ነው። ሥልጠናው ሙሉ በሙሉ የሚያወራው ስለ እነዚህ ሦስት ነገሮች ነው። ይህ ወቀሳ አይደለም። ለሰውየው ያለውን ብቸኛ መከላከያ መስጠት ነው። ጥፋተኛው ሾፌሩ ነው ተብሎ ቢፈረድ፣ የሟቹን ልጆች አባት አይመልስም።

«ባለቤት የለውም»

በመጨረሻ ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ፖሊስ ለብቻው፣ እሳት አደጋ ለብቻው፣ ቀይ መስቀል ለብቻው፣ መንገድ ለብቻው ነው፤ ማን ማንን ያሠለጥናል?

ይህ ግን ለሥልጠናው የሚቀርብ ማስረጃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳት አደጋ 939 ነው የሚደወለው። ሦስት ስልክ፣ ሦስት ሰው፣ ሦስት የተለያየ አነጋገር። አንዱ «አዳማ መውጫ» ሲል ሌላው ከአዳማ የሚመለሰውን ይረዳል። አሜሪካኖቹ ይህን የፈቱት ቀላል ነገር ተስማምተው ነው። መስመሮች ወደምትሄድበት ዞረህ ከግራ ጀምሮ ይቆጠራሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፖሊስም ክሬንም «መስመር ሁለት ተዘግቷል» ሲል ሁሉም አንድ ነገር ያያል። ይህን ለመስማማት አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መቀመጥ ይበቃል።

የት ይጀመር ለሚለው እኔ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድን እመርጣለሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት መስመር ያለው መንገድ ነው። መግቢያና መውጫው የታወቀ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። የሚያስተዳድረው አንድ ድርጅት ነው። አደጋ ሲደርስ ከየት ማን እንደሚመጣ ይታወቃል። የጂቡቲ ጭነትም ቦቴውም በብዛት የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። በየመውጫው ያሉትን ፖሊሶች፣ የየከተማውን የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ክሬን ያላቸውን የግል ባለ ንብረቶች ጨምሮ አንድ ላይ ማሠልጠን ይቻላል። ክሬኖቹን እንዳትረሱ። እኛ ሁሌም የምንረሳው እነሱን ነው፤ መጨረሻ ላይ ብቻቸውን አስፋልት ላይ የሚቀሩት ግን እነሱ ናቸው።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በነጻ ይገኛል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መተርጎም አለበት፣ ምሳሌዎቹም የእኛ መንገዶች መሆን አለባቸው፤ ዳገቱ፣ አህያው፣ ባጃጁ፣ ቅጠሉ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በአምቡላንስ፣ በክሬንና በመንገድ ጥበቃ ሥራ ላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ይህን ሥልጠና የወሰዱም አሉበት። እኔ የክሬኑን ክፍል ለመተርጎም ዝግጁ ነኝ። ጸሐፊው አገር ቤት ካሉና አንድ የፖሊስ አዛዥ ወይም አንድ የአምቡላንስ ኃላፊ የሚያውቁ ከሆነ ያገናኙን።